ሳምፕልና ቴምፖ፦ ማን ማንን ይከተል?

በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብር ባለሙያ ከሌላ ቅጂ ቆርጦ ያወጣውን የድምፅ ቁራጭ፣ በሙያው አጠራር ሳምፕሉን፣ ወደ ሶፍትዌሩ ባስገባ ቁጥር አንድ ከባድ ውሳኔ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ውሳኔውን የሚሰጠው እሱ ሳይሆን ሶፍትዌሩ ነው። ሳምፕሉ ሲቀረጽ የነበረው የራሱ ፍጥነት አለው፤ ቅንብሩ የሚሠራበት ፋይል፣ ማለትም ፕሮጀክቱ፣ ደግሞ ሌላ ፍጥነት ተመድቦለታል። ይህ ፍጥነት ቴምፖ ይባላል፤ የሚለካውም በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሚቆጠሩት ምቶች ብዛት ሲሆን የስቱዲዮ ሰዎች ቢፒኤም ይሉታል። ሁለቱ ፍጥነቶች ካልተገናኙ ከበሮው ከቤዙ ይቀድማል፣ ጭብጨባው ከዜማው ይዘገያል፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው መታዘዝ አለበት። ካለፉት 25 ዓመታት ወዲህ የተስፋፉት ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ ሲከፈቱ ጀምሮ የሚሰጡት መልስ ሳምፕሉ ይታዘዝ የሚል ነው። ይህ መልስ በሜትሮኖም ለተቀረጸ ሉፕ፣ ማለትም እየተደጋገመ እንዲዞር ታስቦ ለተሠራ አጭር ቁራጭ፣ ትክክል ነው፤ ተጫዋቾች እርስ በርስ እየተደማመጡ ለሠሩት ቅጂ፣ በተለይም ለቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎች፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው።

የችግሩ ሥር ያለው በራሱ በድምፅ ተፈጥሮ ላይ ነው። በቴፕም ሆነ በሸክላ ላይ የተቀረጸ ድምፅ ሲፈጥን ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል፤ ቴፑ በእጥፍ ከፈጠነ ዜማው በአንድ ሙሉ ኦክታቭ ወደ ላይ ይወጣል። በ92 ቢፒኤም የተቀረጸና 8 ምት ያለው የክራር ሐረግ 5.22 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል እንበል፤ ፕሮጀክቱ በ100 ቢፒኤም የተከፈተ ከሆነ ለ8 ምት ያለው ቦታ 4.8 ሰከንድ ብቻ ነው። ሐረጉን በማፍጠን ብቻ እዚያ ቦታ ውስጥ ማስገባት ከተፈለገ የክራሩ ድምፅ በ1.44 ሰሚቶን ገደማ ይቀጥናል። ሰሚቶን በኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከሚቀጥለው ቁልፍ ያለው ርቀት ስለሆነ፣ ክራሩ በሁለት ቁልፎች መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል ማለት ነው፤ ከኪቦርዱም ከቤዝ ጊታሩም ጋር አይገጥምም። እንግዲህ ቴክኖሎጂው ሲታገል የኖረው ፍጥነትንና የድምፅ ቅጥነትን ለመለያየት፣ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ለመለወጥ ነው።

ይህ ትግል የግል ኮምፒውተር ከመስፋፋቱ በፊት የተጀመረ ነው። በኋላ በሆሎግራፊ ሥራው የ1971ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘው ዴኒስ ጋቦር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1940ዎቹ ድምፅን እንደ ጤፍ ፍሬ በጥቃቅን ቅንጣቶች ከፍሎ ማየት እንደሚቻል ገለጸ። ቅንጣቶቹን እየደጋገሙ በማሰለፍ ድምፁን ማስረዘም፣ አንዳንዶቹን እየዘለሉ ማሳጠር ይቻላል፤ በእያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ያለው ንዝረት ስላልተነካ የድምፁ ቅጥነት ባለበት ይቆያል። በ1966 ደግሞ በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የነበሩት ጄምስ ፍላናጋንና ሮጀር ጎልደን ፌዝ ቮኮደር የተባለውን ሌላ መንገድ አቀረቡ። ይህ ስልት ድምፁን በብዙ ጠባብ የንዝረት መደቦች ይከፋፍልና በእያንዳንዱ መደብ ውስጥ ያለውን ጉልበትና የንዝረቱን ደረጃ ተከታትሎ መዝግቦ በአዲስ የጊዜ ርዝመት መልሶ ይገነባዋል። የተመራማሪዎቹ ዓላማ የሰው ንግግር እንጂ ሙዚቃ አልነበረም፤ ይሁንና ዛሬ በስቱዲዮዎች የሚሠራባቸው የማስረዘሚያና የማሳጠሪያ ዘዴዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ መንገዶች የተወለዱ ናቸው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጡት የጃፓኑ አካይ ኩባንያ ሳምፕለሮች ይህንን ችሎታ ከላቦራቶሪ አውጥተው በአቀናባሪው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ቅንጣቶቹ ሲደጋገሙ ብረት ብረት የሚል ድምፅ ይፈጥሩ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ የጃንግል ሙዚቃን የሠሩ ወጣቶች ጉድለቱን ወደውት የስልታቸው መለያ አደረጉት። በ1994 የስዊድኑ ፕሮፔለርሄድ ያወጣው ሪሳይክል የተባለው ፕሮግራም ሌላ ብልኀት ይዞ መጣ፤ ከበሮውን ከማስረዘም ይልቅ በየምቱ እየቆረጠ ቁራጮቹን ማቀራረብ ወይም ማራራቅ። በ1998 የአሜሪካው ሶኒክ ፋውንድሪ ያወጣው አሲድ ሉፖቹ ስንት ምት እንዳላቸው በፋይሉ ውስጥ እንዲጻፍ አደረገ፤ ሉፑ ወደ ፕሮጀክቱ ሲጎተት ወዲያውኑ ራሱን ከቴምፖው ጋር ማስማማት ቻለ። በ2001 ከበርሊን የወጣው ኤብልተን ላይቭ ደግሞ ዋርፕ በተባለው ስልቱ ማስማማቱን ሙዚቃው ሳይቋረጥ፣ ተጫዋቹ መድረክ ላይ እያለ እንዲከናወን አደረገው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ለውጥ የስሌቱ መሻሻል አይደለም። ትልቁ ለውጥ ማስማማት አቀናባሪው አስቦበት የሚያደርገው ሥራ መሆኑ ቀርቶ ፋይሉ ሲገባ በራሱ የሚፈጸም ልማድ መሆኑ ነው። አካይ ላይ የሚሠራ ሰው ስሌቱ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ስለነበር ውጤቱን በጥንቃቄ ያዳምጥ ነበር፤ የዛሬው ሶፍትዌር ግን ማንም ሳይጠይቀው አስማምቶ ስለሚያቀርብ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ድምፅ እንኳ ሳይሰማው ወደ ሥራ ይገባል።

ስልቱ በየመሣሪያው ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም አንድ ዓይነት አይደለም። ከበሮ ሲመታ ድምፁ በቅጽበት ፈንድቶ ወዲያው ይከስማል፤ ያ የፍንዳታ ቅጽበት በስቱዲዮ ቋንቋ ትራንዚየንት ይባላል። ሶፍትዌሩ ትራንዚየንቶቹን ለይቶ ካወቀ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ጊዜ ብቻ በማሳጠር ወይም በማርዘም ምቱን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል፤ ለዚህም ነው ከበሮ ከሌሎች ይልቅ መስማማትን የሚችለው። ክራር በጣት ሲነካ እንደ ከበሮ ይነሣና ከዚያ በኋላ ክሩ ለረጅም ጊዜ ይርገበገባል፤ ስለዚህ ለአነሣሡ የሚበጀው ስልት ርግብግቡን ይሰባብረዋል፣ ለርግብግቡ የሚበጀው ደግሞ አነሣሡን ያደበዝዘዋል። ማሲንቆ የሚገረፍ ሳይሆን በደጋን የሚሳብ በመሆኑ ግልጽ የሆነ መነሻ ቅጽበት የለውም፤ ሶፍትዌሩ ምት ፍለጋ ሲሄድ የደጋኑን መመለሻ ከዜማው መታጠፊያ ጋር ያምታታዋል። በገና ከሁሉም ይከብዳል። ከ10ሩ ክሮች ሥር የሚገቡት እንዝራ የተባሉት ቆዳዎች የሚሰጡት ዝዝታ እጅግ ተቀራርበው በሚፈጠሩ ጥቃቅን ንክኪዎች የተሞላ ነው፤ ፌዝ ቮኮደር እነዚያን ንክኪዎች በመደቦች በትኖ መልሶ ሲሰበስባቸው ስለታቸው ይጠፋና በገናው ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ልዩነቱ ከ2 ወይም ከ3 በመቶ በማይበልጥበት ጊዜ ጆሮ ይህን ላያስተውል ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የጥራት ጥያቄው ከሶፍትዌሩ ዋጋ ጋር ሳይሆን ከመሣሪያው ተፈጥሮ ጋር የተያያዘ ነው።

ከድምፅ ጥራት የሚብሰው ግን የምት አቆጣጠር ነው። ሶፍትዌር የማያውቀውን ሳምፕል ሲቀበል መጀመሪያ የሚሞክረው ቴምፖውን መገመት ነው፤ የሚገምተውም ጠንካራ ምቶች በስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ በመለካት ነው። የሙዚቃ ምት ግን በደረጃ በደረጃ የተደራረበ በመሆኑ 70 ቢፒኤም የሆነውን 140 ብሎ፣ 140 የሆነውን 70 ብሎ ማንበብ የተለመደ ስሕተት ነው። ይህኛው ቀላል ነው፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ በእጥፍ ወይም በግማሽ ማረም ይቻላል። በኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ ሥር የሰደደውን፣ እስክስታ የሚወርድበትን ችክችካን ሲያገኝ የሚፈጠረው ስሕተት ግን ሌላ ነው።

ችክችካ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ስምንተኛ ይጻፋል፤ በአንድ ባር፣ ማለትም በአንድ የምት ዙር ውስጥ፣ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት የተቧደኑ 6 ትናንሽ ምቶች አሉት። እግር የሚረግጠው ሁለቱን ትላልቅ ምቶች ነው። እግሩ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚረግጥ ከሆነ አንድ ባር በትክክል 1 ሰከንድ ይሆናል። ነገር ግን ያንኑ 1 ሰከንድ ሦስት ቦታ አድርጎ የሚቆጥር ሰው በደቂቃ 180 ምት ያገኛል፤ ሁለቱም ቆጠራዎች በሙዚቃው ውስጥ በእውነት አሉ፤ የዘፈኑ ውበትም ከፊሉ የሚመነጨው ከዚህ ከሁለትና ከሦስት ፉክክር ነው። ሶፍትዌሩ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ የትኛውን እንደሚመርጥም አቀናባሪው አስቀድሞ አያውቅም። በዚህ ላይ እንደ ላይቭ ያሉ ሶፍትዌሮች ቢፒኤምን የሚቆጥሩት ሁልጊዜ በሩብ ኖታ ስለሆነ፣ በእግሩ 120 የቆጠረ አቀናባሪ ፕሮጀክቱን በስድስት ስምንተኛ ሲከፍት መጻፍ ያለበት 180 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው 120 ይጽፍና ሳምፕሉ ለምን እንደሚጎተት ግራ ይገባዋል።

ጉዳቱ የሚከፋው ፕሮጀክቱ እንደተለመደው በአራት አራተኛ ሲከፈት ነው። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች አዲስ ፋይል ሲከፈት የሚያቀርቡት ይህንኑ ነው፤ ግሪዱም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ጊዜን የሚከፋፍሉት ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ እያንዳንዱን ምት በአራት ይከፍላል። በ120 ቢፒኤም አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ስለሆነ መስመሮቹ በ0፣ በ125፣ በ250 እና በ375 ሚሊሰከንድ ላይ ይወድቃሉ። የችክችካው ሦስት ትናንሽ ምቶች ግን ያሉት በ0፣ በ167 እና በ333 ገደማ ነው። እያንዳንዱን ምት ቅርብ ወደሆነው መስመር የሚስበው ኳንታይዝ የተባለው ትእዛዝ ሲሰጥ ሁለተኛው ምት ወደ 125 ወደ ኋላ ይሳባል፣ ሦስተኛው ወደ 375 ወደ ፊት ይገፋል፤ ሁለቱም ከቦታቸው ወደ 42 ሚሊሰከንድ ያህል ይነቀላሉ። በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በጆሮ ሲሰማ ግን እኩል የነበሩት ሦስት እርምጃዎች አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ይሆናሉ፤ ትከሻ የሚያነሣው ተንከባላይ ምት ጠፍቶ በቦታው የሚያነክስ ነገር ይቀራል። ሶፍትዌሩ ምንም የስሕተት ምልክት አያሳይም፤ ምክንያቱም በእሱ መለኪያ ሁሉም ምት መስመሩ ላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር የቀድሞ ቅጂዎች ወጥ ፍጥነት የሌላቸው መሆኑ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 በጀመረው አምሃ ሬከርድስ የወጡት ሸክላዎች፣ በኋላም በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ በኢትዮፒክስ ተከታታይ እንደገና ታትመው ዓለምን ያዳረሱት ሥራዎች፣ ባንዶች አንድ ላይ ሆነው የተጫወቷቸው ናቸው። የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በናስና በዴሚየን ማርሊ የ2010 ዘፈን «አዝ ዊ ኤንተር» ውስጥ በሳምፕልነት መግባቱ እንደሚያሳየው እነዚህ ቅጂዎች የዓለም አቀናባሪዎች ጥሬ ዕቃ ከሆኑ ቆይተዋል፤ በ2010ዎቹም እንደ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ያሉ የአዲስ አበባ አቀናባሪዎች ባህላዊውን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አዋሕደው ሌላ በር ከፍተዋል። አንድ ባንድ ዘፈኑን በ108 ጀምሮ በመጀመሪያው ደቂቃ በአማካይ 111 ቢጫወት፣ በ108 ብቻ የተሰመረለት ፕሮጀክት ደቂቃው ሲያልቅ ሙሉ 3 ምት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሶፍትዌሩ ይህን ለማረም በየምቱ ላይ ምልክት ተክሎ ሁሉንም እኩል ያደርጋቸዋል፤ ያን ጊዜ ድምፃዊው ወደ አዝማቹ ሲገባ ባንዱ በደስታ የፈጠነባት፣ ሳክስፎኑ ሲያንጎራጉር የዘገየባት ቅጽበት ሁሉ ተደምስሳ ትጠፋለች።

መፍጠንን እንደ ጉድለት መቁጠር በኢትዮጵያ ሙዚቃ ዘንድ ለሥርዓቱ ባዕድ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ማሕሌት ከቁም ዜማ ተነሥቶ በዝማሜና በመረግድ አልፎ ወደ ጽፋት ሲደርስ ፍጥነቱ እየጨመረ መሄዱ የሥርዓቱ አካል እንጂ የሊቃውንቱ ስሕተት አይደለም። በሠርግ ቤትም ጨዋታው ሲደምቅ ከበሮው ይፈጥናል፤ ከበሮ መቺው ካልፈጠነ ጨፋሪው ራሱ በጭብጨባው ይገፋዋል። ይህን ዓይነት ቅጂ በአንድ ቁጥር ላይ መቸንከር አንድን ንግግር ወስዶ ቃላቱን ሁሉ በእኩል ርዝመት እንደ ማስነበብ ነው።

መፍትሔው በሶፍትዌሮቹ ውስጥ ካለ ቆይቷል፤ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ሳይሆን ከምርጫዎች ሥር ነው የሚገኘው። በኪዩቤዝ የቴምፖ ማወቂያው ቅጂውን አዳምጦ የቴምፖ ካርታ፣ ማለትም ፍጥነቱ በየባሩ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳይ መስመር፣ ይሠራል፤ በሎጂክ ፕሮ በ2018 የገባው ስማርት ቴምፖ ፕሮጀክቱ ቅጂውን እንዲከተል ሊታዘዝ ይችላል፤ በላይቭም አንድን ቁራጭ የቴምፖ መሪ አድርጎ መሾም ይቻላል። ያን ጊዜ አዲሱ ቤዝና አዲሱ ከበሮ ከባንዱ ጋር አብረው ይፈጥናሉ፣ አብረው ይዘገያሉ፤ ሳምፕሉም አንዲት ቅንጣት ሳይደጋገምበት እንዳለ ይሰማል። የድምፅ ጥራቱ ጥያቄ በዚህ መንገድ ከሥሩ ይፈታል። በእርግጥ ዲጄ ሁለት ዘፈኖችን አከታትሎ ሲያጫውት፣ ወይም ሳምፕሉ ከሁለት ባር የማይበልጥ አጭር ቁራጭ ሲሆን፣ ቋሚው ቴምፖ መግዛቱ ተገቢ ነው፤ ሁለት ባር ውስጥ የሚጠፋ ሰፊ የፍጥነት ጉዞ የለምና። ሙሉ ዘፈን ላይ ቋሚ ቴምፖ የግድ ካስፈለገም ምልክቶቹን በየምቱ ከመትከል ይልቅ በየ4 ወይም በየ8 ባሩ መትከል በባሩ ውስጥ ያለውን መሳሳብ ያድናል።

ከካሴት ለተወሰደ ሳምፕል ደግሞ ሌላ ሕግ ይሠራል። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር እንዲጓዝ ነው የተወሰነው፤ ያረጀ ማጫወቻ ግን ከዚህ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ የ3 በመቶ መፍጠን ድምፁን በግማሽ ሰሚቶን ገደማ ያቀጥነዋል። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱም ቅጥነቱም አብረው ስለተበላሹ አብረው መመለስ አለባቸው፤ ቴምፖውን በዋርፕ አስተካክሎ ድምፁን ደግሞ በሌላ ስሌት ማውረድ በአንድ ቁስል ላይ ሁለት ቁስል መጨመር ነው። ትክክለኛው መሣሪያ ሪፒች የተባለው፣ ልክ እንደ ቴፕ ሁለቱን አንድ ላይ የሚለውጠው ቀላሉ ስልት ነው። ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅም መንገድ አለ። በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል የሚርገበገበው በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሆነ፣ በቀረጻው ጊዜ ከመብራቱ ወደ ቴፑ የገባው ዝቅተኛ እምምታ በሶፍትዌሩ መለኪያ 51.5 ሆኖ ከታየ ቴፑ በ3 በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው።

ከ2019 ወዲህ፣ የሙዚቃ አገልግሎት ሰጪው ዲዘር ስፕሊተር የተባለውን ፕሮግራም በነጻ ከለቀቀ በኋላ፣ ከተዋሐደ ቅጂ ውስጥ ድምፃዊውን፣ ከበሮውንና ቤዙን ለየብቻ ማውጣት ቀላል ሆኗል፤ ሎጂክ ፕሮም በ2024 ይህንን አገልግሎት በውስጡ አካቷል። ለማስማማት ሥራ ይህ እውነተኛ እርዳታ ነው፤ ከበሮው ለብቻው ሲወጣ ሶፍትዌሩ የማሲንቆውን ደጋን ከምት ጋር ሳያምታታ ቴምፖውን ይለካል፣ የተገኘው ካርታም መልሶ በሙሉው ቅጂ ላይ ይዋላል። ነገር ግን ተለይቶ የወጣው ከበሮም ችክችካ ከሆነ ሁለት ነው ወይስ ሦስት የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይቆያል፤ ያንን የሚመልሰው ዘፈኑን የሚያውቅ እግር ነው።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ አቀናባሪዎችና ለስቱዲዮ ባለቤቶች የሚቀርበው ልመና ቀላል ነው። ሳምፕሉን ወደ ፕሮጀክቱ ከማስገባታችሁ በፊት ራሱን የማስማማቱን ምርጫ አጥፉት፤ ቅጂውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድምጡት፣ በእግራችሁ ቁጠሩት፣ ስድስት ስምንተኛ ከሆነም ፕሮጀክቱን በዚያው ክፈቱት። ከሁሉም በላይ ያልተነካውን ፋይል ከተስማማው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከየትኛው ሸክላ ወይም ካሴት እንደተወሰደ፣ በስንት ቢፒኤም እንደሚጀምርና በስንት እንደሚጨርስ በስሙ ላይ ጻፉበት። ዋርፕ የተደረገ ሳምፕል ፕሮጀክቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል፤ ተስማምቶ እንደ አዲስ ፋይል ከወጣ በኋላ ግን የባንዱ የመጀመሪያ ፍጥነት ከውስጡ ተመልሶ አይገኝም።